ሴት ሆኖ አዲስ አበባ ላይ መሮጥ፦ ስለ ለከፋና ስለ ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ሴቶች ጋር መሮጥ ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ጫማ ወይም ስለ ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው «ሰዎቹ ምንም አይሉሽም?» ነው። ይላሉ እንጂ! ምን እንደሚሉና እኔ ምን እንደማደርግ ደጋግሜ አውርቼው ስለሰለቸኝ፣ ይኸው ጻፍኩት። ፖሊስም ጠበቃም አይደለሁም። ብዙ የሮጥኩ፣ ብዙ የተለከፍኩ ሴት ነኝ።

ለከፋ የምትሉት የቱን ነው? «በርቺ» ማለትም ለከፋ ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሎ ያለፈ ሰው ይባረክ፤ ዳገት ላይ ስትሆኚ እውነትም ጉልበት ይሆናል። ልዩነቱ ቃሉ ላይ ሳይሆን አባባሉ ላይ ነው። አንዱ እያጨበጨበ «ደራርቱ!» ሲል ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ሌላው ያችኑ «ደራርቱ» ከላይ እስከ ታች እያየኝ፣ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም እያደረገ ሲላት ስድብ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ሴት ስም እንዲህ መላገጫ ሲሆን ደሜ ይፈላል።

ስለ ሰውነትሽ አስተያየት መስጠት፣ መንገድ መዝጋት፣ ጎን ለጎን እየሮጡ ማላገጥ፣ መከተል፣ መኪናን ቀስ አድርጎ በጎንሽ መንዳት፣ እጅ መዘርጋት፣ ይሄ ሁሉ ለከፋ ነው። የመጨረሻው እንዲያውም ከለከፋም አልፏል፣ ታች እመለስበታለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ መጥቷል፦ ከኋላ ሆኖ በስልክ መቅረጽ። ቲክቶክ ላይ ሊለጥፈው ይሁን ለጓደኞቹ ሊያሳይ አታውቂም።

ግራ የገባው ወንድ ካለ ቀላል መለኪያ አለኝ። አባቷ አጠገቧ እየሮጡ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ትለው ነበር? ካልሆነ ተወው።

ስንት ሰዓት ብሮጥ ይሻለኛል?

የኛ ከተማ ችግር ፀሐይዋ ናት። በጋም ሆነ ክረምት ብዙ አትለዋወጥም። ጠዋት የምትወጣው 12 ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃዎች ጀምሮ ቢዘገይ እስከ 12፡45 ነው፤ ማታም 12 ሰዓት ገደማ መጥለቅ ትጀምራለች፣ 1 ሰዓት ገደማ ጨልሟል። ፈረንጅ አገር በጋ ላይ ከሥራ በኋላ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በብርሃን ይሮጣሉ፤ እኛ የለንም። 2፡30 ቢሮ መግባት ያለባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቃት ሴት በብርሃን ልሩጥ ካለች የቀራት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን 11 ሰዓት ላይ በጨለማ እንወጣለን። «ለምን በጨለማ ትወጫለሽ» ለሚል ሰው መልሱ ይሄው ነው፣ ወደን አይደለም።

ከቻልሽ 12 ሰዓትን ጠብቂ። በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው ከኪዳን የሚመለሱ እናቶች መንገዱን ይሞሉታል። በጾም ወቅት ደግሞ ይበልጥ ሰው አለ። በረመዳን ከፈጅር ሶላት የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። እናቶች ያሉበት መንገድ ላይ ለካፊ አፉን ይሰበስባል፤ ለምን እንደሆነ ታች እናገራለሁ።

ከሁሉም የምጠላው ሰዓት እሁድ 11 ሰዓት ነው፣ በተለይ ቦሌ አካባቢ። እኛ ስንወጣ ሌሎቹ ከጭፈራ ቤት ገና እየገቡ ነው። የሰከረ ሰው ባዶ መንገድ ላይ ከምታገኚ አንድ ሰዓት ተኝተሽ ብትወጪ ይሻላል።

የት ልሩጥ?

ጀማሪ ከሆንሽ መስቀል አደባባይ። ደረጃው ላይ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ሰው አለ። ወፍራም ሰው፣ ቀጭን ሰው፣ አሰልጣኝ ፊሽካ እየነፋ የሚያሠራው ቡድን፣ የስልሳ ዓመት አባት በሱፍ ሱሪ። ማንም ማንንም አያይም። ጃን ሜዳም እንደዚያው ነው፤ ስፖርተኛ የለመደው ቦታ ስለሆነ ሴት ስትሮጥ እንደ ትርዒት አትታይም።

እንጦጦ ላይ ልዩነት አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ጥበቃ አለ፣ ሰው አለ፣ ጥሩ ነው። ከፓርኩ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አየሩ ግሩም ነው፣ መሬቱ ለጉልበት ለስላሳ ነው፣ ስመ ጥር አትሌቶቻችን ያደጉበት ነው፤ ነገር ግን እነሱም በቡድን ነው የሚገቡት። ብቻሽን አትግቢ። ይሄን ስል ሴት ስለሆንሽ ብቻ አይደለም፣ ስልክ የሚቀማ ሰው ለወንዱም አይመለስም። ሱሉልታና ሰንዳፋም ሕጉ ያው ነው።

በኮሪደር ልማቱ የታደሱት መንገዶች ላይ ብዙ ክርክር አለ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች የማውቅ ስለሆንኩ አልፌው አልሄድም። ስለ ሩጫ ብቻ ከተጠየቅኩ ግን ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ለሴት ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ገርጂ አካባቢ የእግረኛ መንገዱ በድንጋይና በቦይ ስለተሞላ አስፋልቱ ዳር ነበር የምንሮጠው። አስፋልት ዳር ስትሮጪ ደግሞ በእያንዳንዱ ሹፌርና ረዳት እጅ ውስጥ ነሽ። መንገዱ ሲሰፋ ከመኪናው ሁለት ሦስት ሜትር ትርቂያለሽ፤ ያ ሁለት ሜትር ብዙ ዋጋ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረ፣ አንዳንድ እሁድ መንገድ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» የሚባለው ፕሮግራምም አለ። ለመጀመሪያ ቀን ሩጫ ከዚያ የተሻለ የለም። በመጋቢት አካባቢ ደግሞ ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የሴቶች ብቻ 5 ኪሎ ሜትር አለ። አንዴ ግቢበት። በሺዎች ከሚቆጠሩ ሴቶች ጋር የከተማው ዋና መንገድ መሃል ላይ ስትሮጪና ዳር የቆመው ወንድ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ መንገዱ ለካ እንዲህም ይሆናል ትያለሽ። በማግስቱ ሰኞ ብቻሽን ስትወጪ ያው መንገድ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ያ ነው የሚያበግነው።

ጓደኛ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የምሮጠው። ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ምክንያቱም ካለኝ ምክር ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። መንገድሽን አትቀያይሪ የሚል ምክር ስሰጥ ሰዎች ይገረማሉ። ውጭ አገር የሚጻፈው «ሰው እንዳይለምድሽ መንገድ ቀያይሪ» ነው። ማንም ማንንም በማያውቅበት ሰፈር ልክ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን መንገድ ባዶ አይደለም። ጥበቃው አለ፣ ሊስትሮው አለ፣ ሱቁን የሚከፍተው አለ፣ ጉልት የምትዘረጋው አለች። እነሱ እንዲያውቁሽ አድርጊ። ሰላም በያቸው። በየቀኑ። ቆመሽ ሳይሆን እየሮጥሽ፣ «እንደምን አደሩ»፣ አበቃ።

አንድ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። የምሮጥበት መንገድ ማጠፊያ ላይ ሻይና ፓስቲ የሚሸጡ እናት አሉ። ስማቸውን አላውቅም ነበር፣ እሳቸውም የኔን። ለወራት «እንደምን አደሩ እማማ» እላለሁ፣ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን፣ በርቺ ልጄ» ይላሉ፤ ትውውቃችን ይኸው ነው። ያን ቀን ሰው ከሚጠብቅ ሚኒባስ ላይ አንድ ልጅ ወረደና ጎን ለጎን እየሮጠ ጀመረኝ። መጀመሪያ ስለ ታይቴ ነው፣ ከዚያ ስለ ሌላው። ዝም አልኩ። ክንዴን ያዝ አደረገ። አሁንም ከድንጋጤዬ ድምፅ አልወጣልኝም። ማጠፊያው ጋ ስንደርስ እማማ የፓስቲውን ማውጫ ከነዘይቱ እንደያዙ ብድግ አሉ። «አንተ! ልጄን ምን አልካት?» ልጁ ደነገጠ። «ኧረ እማማ ቀልድ ነው»። «ቀልድህን ለእናትህ ንገራት!» ሻይ ሲጠጡ የነበሩት ሁለት የቀን ሠራተኞችም ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ልጁ ወደ ሚኒባሱ ሲመለስ በሩጫ ነበር፣ ከኔ ይፈጥናል።

ያ ልጅ እኔን ፈርቶ አያውቅም። የፈራው እማማን ነው። ለከፋ የሚሠራው ዳር ያለው ሰው ሲስቅ ወይም ዝም ሲል ነው። አንድ ሰው «ተው» ካለ ጨዋታው ይፈርሳል። ስለዚህ እኔ ደህንነቴን የምሠራው በፊሽካም በጉልበትም አይደለም፣ በሰላምታ ነው። ለዚህ ነው መንገድ የማልቀይረው። እማማ ጋ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሩጫ በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን ሻይ እንጠጣለን። ፓስቲያቸው ዘይት ይበዛበታል፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል።

መልስ ልስጥ ወይስ ዝም ልበል?

አንድ መልስ የለውም። ቀን ከሆነ፣ ሰው ካለ፣ ለካፊው ብቻውን ከሆነ እኔ ቆም ብዬ ዐይን ዐይኑን አይቼ «ምን አልክ? ድገመው» እላለሁ። አብዛኛው አይደግመውም። የሚሳደብ ቃል አልጨምርም፣ ስድብ ከጨመርሽ ሰዉ «ተጣሉ» ብሎ ሁለታችሁንም ይገላግላል፣ ጥፋቱ እኩል ይሆናል። «ወንድሜ» ብሎ መጀመርም አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወንድሜ ሲባል ያፍራል።

ጨለማ ከሆነ፣ በቡድን ከሆኑ፣ ከጠጡ፣ ጫት ቅመው ከሞቃቸው ዝም ብለሽ እለፊ። ዝም ማለት ሽንፈት አይደለም። ቤት ገብቼ «እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ሻወር ውስጥ የተናገርኳቸውን መልሶች ብትሰሙ መጽሐፍ ይወጣቸዋል።

ሰው ከተከተለኝስ?

መንገድ አቋርጪ። እሱም ካቋረጠ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ወደ ቤትሽ አትሂጂ፣ ቤትሽን ታሳይዋለሽ። ወደ ሰው ሂጂ፦ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ባንክ በር ላይ ያለ ጥበቃ፣ ነዳጅ ማደያ። ነዳጅ ማደያ በተለይ ጥሩ ነው፣ ሌሊትም ሰው አያጣም። ገብተሽ «ይሄ ሰውዬ እየተከተለኝ ነው፣ ትንሽ ልቁም» በይ። ይሉኝታ አይያዝሽ። ከኔ ልምድ «አይሆንም፣ ውጪ» ያለኝ ሰው የለም።

መኪና ከሆነ ዞረሽ ወደመጣሽበት ተመለሺ፣ መኪና በዋና መንገድ ላይ ቶሎ መዞር አይችልም። የሰሌዳ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሚኒባስ ታክሲ ከሆነ የጎን ቁጥሩንም። ቁጥሩ ከአፍሽ ሲወጣ የሚሰማ ሹፌር ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ይረግጣል።

ታይት ለብሼ ነው፣ ለዛ ይሆን?

አይደለም። በቱታ ሮጫለሁ፣ በረጅም ቲሸርት ሮጫለሁ፣ ወገቤ ላይ ሹራብ አስሬ ሮጫለሁ። ሒጃብ የምትለብስ የቡድናችን ልጅ ሙሉ ተሸፍና ትሮጣለች፣ እሷ ላይ ደግሞ የሚመጣው ለከፋ ሌላ ዓይነት ነው። ልብሱን ሰበብ ያደርጉታል እንጂ ምክንያቱ እሱ አይደለም። የሚመችሽን ልበሺ። ሹራቡን ማሰር የሚያረጋጋሽ ከሆነ እሰሪ፣ እኔም ቀኑ ሲከፋ አስራለሁ፣ ማንም ፈሪ ሊልሽ አይገባም። ግን አንቺው ራስሽን «ልብሴ ነው» ብለሽ አትውቀሺ።

ኤርፎን፣ ሎኬሽን፣ ስትራቫስ?

ኤርፎን አንድ ጆሮ። ይኼ ለለካፊ ብቻ ሳይሆን ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅም ነው። ሎኬሽን ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ በቴሌግራም ለአንድ ሰዓት ላይቭ አድርጊ። ስትራቫ (ሩጫሽን ካርታ ላይ የሚመዘግበው አፕ) የምትጠቀሚ ከሆነ መነሻና መድረሻሽን የሚደብቀውን ማስተካከያ አብሪው፤ ካለበለዚያ የቤትሽን በር ለማያውቅሽ ሰው ሁሉ ካርታ ላይ እየሳልሽለት ነው። ፊሽካ ርካሽ ነው፣ አንገት ላይ ይንጠልጠል።

ሕጉ ምን ይላል? ለከፋ ወንጀል ነው?

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ውስጥ «የመንገድ ላይ ለከፋ» ብሎ ራሱን ችሎ የተቀመጠ አንቀጽ የለም። የሥራ ቦታ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግልጽ ተከልክሏል፤ ቢሮ ውስጥ ጥበቃ ያላት ሴት በሩን ወጥታ አስፋልት ስትረግጥ ያ ስም ያለው ጥበቃ አብሯት አይወጣም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕጓ አስገብታለች፤ ፈረንሳይ በ2018 በመንገድ ላይ ለሚደረግ ጾታዊ ስድብ ፖሊስ እዚያው ከ90 ዩሮ ጀምሮ የሚቀጣበትን ሕግ አውጥታለች። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር መልካም ነበር።

ይሄ ማለት ግን ባዶ እጅሽን ነሽ ማለት አይደለም። ስድብ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 615 አለ። ዛቻ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 580። ሳይጎዳሽ ቢመታሽ ወይም ቢገፈትርሽ የእጅ እልፊት ይባላል፣ አንቀጽ 560። በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊት፣ መድፈር ባይሆንም እንኳ፣ አንቀጽ 622 ላይ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ «ነካኝ» ስትዪ «አንዴ ነው፣ ተይው» የሚልሽን ሰው አትስሚ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እንደ ዛቻና እጅ እልፊት ያሉት በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ናቸው፣ አቤቱታው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ይቅር፣ ሲረጋጋልኝ እሄዳለሁ» ብለሽ ከቆየሽ ጊዜው ያልፍብሻል።

ፖሊስ ጋ ሄጄ ምን ልበል? ይስቁብኛል።

አንዳንዱ ይስቃል፣ አልዋሽሽም። እኔ አንድ ጣቢያ ሄጄ «ታዲያ ምን አደረገሽ?» ተብዬ አውቃለሁ። ቀጥዬ የተማርኩት፣ «ለከፈኝ» ብሎ አለመግባት ነው። «ለከፈኝ» ሲባል ቀልድ ይመስላቸዋል። «ክንዴን ያዘኝ፣ ከዚህ እስከዚህ ተከተለኝ፣ እንዲህ ብሎ ዛተብኝ» በይ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመኪና ቁጥር፣ ያየ ሰው። አንድ የማታፍር ጓደኛ ይዘሽ ግቢ። ማመልከቻሽ መመዝገቡን ሳታረጋግጪ አትውጪ። አስቸኳይ ከሆነ 991 ነው።

ከዚያ የከፋ ነገር ከደረሰብሽ፣ እግዜር ይጠብቅሽና፣ መጀመሪያ ሆስፒታል። ሳትታጠቢ፣ ልብስሽን ሳታጥቢ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። ለአንዱ የነገርሽውን ለሌላው እየደጋገምሽ አትንከራተቺም።

ደጋግሞ የሚያስቸግር የሰፈር ልጅ ከሆነ ግን ፖሊስ ብቻ መንገድ አይደለም። እናቱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር አንዱን በዕድር ሰብሳቢው በኩል አስነግረንበት ቀጥ ብሏል። አሁን ሲያየኝ ሞባይሉን ያያል።

ውጭ አገር እኮ እንዲህ የለም አይደል?

አለ። ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው ጥናት ላይ ወደ 500 የሚጠጉ የማንቸስተርና የሊቨርፑል አካባቢ ሴቶች ተጠይቀው 68 በመቶዎቹ ሲሮጡ አንድ ዓይነት ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ለፖሊስ የነገሩት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። እዚያው እንግሊዝ የሰሪ አውራጃ (Surrey) ፖሊስ በ2025 ሴት ፖሊሶችን የስፖርት ልብስ አልብሶ እንዲሮጡ ላካቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መለከፍ ጀመሩ። በጥቂት ሳምንታት 18 ሰው ታስሯል፣ ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ለንደንና ዋሽንግተን ያሉ እህቶቻችን የሚነግሩኝም ያው ነው። እንዲያውም አንዷ «እዚህ ክፋቱ ዳር ቆሞ ‘አንተ ተው’ የሚል እማማ የለም» አለችኝ። የፖሊሱ ሐሳብ ግን እዚህም ቢሞከር ደስ ይለኛል። አንዲት ሳጅን በቱታ ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት በጠዋት ትሩጥና ትምጣ።

ሯጮቹ አትሌቶችስ? እነሱን ማን ይደፍራል?

ጫካው ውስጥ በቡድን ናቸው፣ አሰልጣኝ አላቸው፣ ከመንገድ ለከፋ ይሻላሉ። የነሱ አደጋ ብዙ ጊዜ ከሚያውቁት ሰው ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን ኬንያ፣ አግነስ ቲሮፕ እ.ኤ.አ. በ2021 በሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረች በሳምንታት ውስጥ ኢቴን ቤቷ ውስጥ በስለት ተገድላ ተገኘች፤ የተከሰሰው ባሏ ነው። በ2024 ዑጋንዳዊቷ ሬቤካ ቼፕቴጌይ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሮጣ በተመለሰች በሳምንታት ውስጥ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት። የሽልማት ገንዘብና በወንዱ ስም የተመዘገበ ቤት ጉዳይ እዚህም አዲስ አይደለም። ገንዘቧን ሌላ ሰው የሚይዝላት ወጣት ሯጭ የምታውቁ ከሆነ ጠይቋት፣ ጣልቃ መግባት አይደለም።

ወንድ ነኝ። ከኋላ እየሮጥኩ ሴት ላይ ስደርስ ምን ላድርግ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቀው ደግሞ ሁሌም የማያስቸግረው ወንድ ነው። ከሩቁ ድምፅ አሰማ፣ «በግራ እያለፍኩ ነው» በል ወይም ጉሮሮህን ጥረግ። ሰፋ አድርገህ እለፍ። ካለፍክ በኋላ ፍጥነትህን አትቀንስ፤ ቀድመሃት ከፊቷ ስትራመድ ምን እንደፈለግክ አታውቅም። ማሠልጠን አይጠበቅብህም፣ «ክንድሽን እንዲህ አድርጊ» አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ ግን ጓደኛህ ሲለክፍ አትሳቅ። «ተው እንጂ፣ ምን ሆነሃል» ብትል ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ቤተሰቤ «ምን አስሮጠሽ፣ ቤት ውስጥ ዝለዪ» ይለኛል።

እናቴም ትል ነበር። ክርክር አላሸነፍኩም። አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ፣ እሷ በነጠላ ጫማዋ እየተራመደች፣ እኛ እየዞርን እየሮጥን። አሁን ጉልበቷን ካላመማት በቀር አትቀርም። ከእማማ ጋር ፓስቲው ጋ ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ የሚያወሩት ስለ እኛ ነው መሰለኝ።

ጅብስ?

ይሄ ሁልጊዜ ይጠየቃል። አለ፣ በተለይ እንጦጦ ሥርና የካ በኩል ንጋት ላይ። እኔ ሁለቴ አይቻለሁ። ቆሞ አየኝ፣ ቆሜ አየሁት፣ መንገዱን ለቀቀልኝና ሄደ። ምንም አላለኝም።